ጫማችሁን በፌስታል አትጠቅልሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ቅዳሜ እትማችሁ ስለ ደሴት ሽርሽር ጓዝ ያወጣችሁትን ጽሑፍ መነጽሬን አድርጌ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ደስ ይላል። ፎቶዎቹም ያምራሉ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ግን «ኧረ በሕግ!» ብዬ ጮህኩ። እርጥብ ልብስና ጫማ ለብቻ እንዲቀመጥ አራት አምስት ፌስታል መያዝ እንዳይረሳ ይመክራል። እኔ ደግሞ ማንም ሳይመክረኝ ይህንኑ አድርጌ ጉድ የሆንኩ ሰው ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ከታናሽ እህቴ ጋር ዛንዚባር ሄድን። ጓዜን ስሸክፍ ሁሉን ነገር በፌስታል ቋጠርኩ። ጫማው በፌስታል፣ የውስጥ ልብሱ በፌስታል፣ ሻምፑው እንዳይፈስ በድርብ ፌስታል። ለመጠባበቂያ ደግሞ ባዶዎቹን አጣጥፌ የሻንጣው ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ለካስ ዛንዚባር ፌስታል ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የተቀረው የታንዛኒያ ክፍልም በ2019 ተከትሏል። ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ የያዘውን ፌስታል መግቢያው ላይ አስረክቦ ነው የሚያልፈው።

ሻንጣዬ መሬት ላይ ተዘረጋ። የሚያመኝ ጉልበቴ ላይ ተንበርክኬ ቋጠሮ ስፈታ፣ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዕቃዬን ጎበኘው። ማንም አልተቆጣኝም። እንዲያውም ያ ወጣት ሠራተኛ ከእኔ በላይ አፍሮ ወደ ጣሪያው ያይ ነበር። እህቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሰው በተሰበሰበበት ታወራዋለች። ለማንኛውም፣ የመታጠቢያ ዕቃ የሚያዝበት አፉ ተጭኖ የሚዘጋ ትንሽ ላስቲክ ይፈቀዳል፤ ይዛችሁት ትመለሳላችሁ ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።

ፌስታሉን እንደ ስሕተት ላልፈው እችል ነበር። ብዕር ያስነሣኝ ሌላ ነው። ዝርዝራችሁ ሰባት ቀሚስ፣ ሦስት ባርኔጣ፣ ሁለት ሽቶና አንድ ካውያ ይዟል። «ሳንስክሪን» የምትለው ቃል፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬሙ ማለት ነው፣ ግን ከሊፕስቲክና ከፀጉር ማስያዣ መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብላ ጠፋች። 31 ዓመት ፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝና ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሻንጣው የተሸከፈው ለፎቶ ነው። ቆዳን የሚያስታውስ ጠፋ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ትልቅ ሰው ከግንባሩ እስከ እግር ጣቱ በወጉ ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ክሬም ይፈልጋል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ይሄ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ከውኃ ሲወጡም እንደገና። በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ ቢቀቡ 90 ሚሊ ሊትር ሄደ። አብዛኛው አየር ማረፊያ በእጅ ሻንጣ የሚያሳልፈው ከ100 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ዕቃ ነው። ያቺ ቆንጆ ትንሽ ጠርሙስ እንግዲህ የአንድ ሰው የአንድ ቀን ቀለብ ናት። ሁለት ሰው ለሰባት ቀን ቢሄድ ከአንድ ሊትር በላይ ይፈልጋል። ማን ነው አንድ ሊትር ክሬም ተሸክሞ የሚሄደው? ማንም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ትንሽ ይይዛል፣ በስስት ይቀባል፣ ይቃጠላል።

መፍትሔው ክሬም ማብዛት አይደለም። ልብስ ነው። እጀ ረጅም የዋና ሸሚዝ ያዙ። ቶሎ የሚደርቅ፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል። እስከ ጉልበት የሚደርስ የዋና ሱሪ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። ልብስ በላብ አይለቅም፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙኝ አይልም። ያን ጊዜ ክሬሙ የሚቀረው ለፊት፣ ለአንገት፣ ለጆሮ፣ ለእጅና ለእግር ነው። አንድ 200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ሳምንቱን ይገፋል።

ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው የመከላከያ ቁጥር (ኤስፒኤፍ) ነገርም ሰውን ያሳስተዋል። 30 የሚል የተጻፈበት በደንብ ከተቀባ ቆዳን ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያግዳል። 50 የሚለው 98 በመቶ ያህሉን። ልዩነቱ ይቺው ናት። ባለ 50ውን ውድ ነው ብሎ በጣት ጫፍ ከመቀባት፣ ባለ 30ውን ጠገብ አድርጎ መቀባት ይሻላል። ይህን ለደንበኞቼ ስንት ጊዜ ነገርኩ!

«እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ታደርገናለች» የሚለውን ደግሞ አትጠይቁኝ፣ ብዛቱን አልቆጥረውም። ጥቁር ቆዳ የተሻለ መከላከያ አለው፤ እውነት ነው። ወሰን ግን አለው። ማስረጃው እኔው ነኝ። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ደመና ነበር። ደመና ነው ብዬ ክሬሙን ክፍሌ ትቼው ወጣሁ። መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ አድርጌ፣ ፊቴን ወደ ታች ደፍቼ፣ ዓሣ እያየሁ ሁለት ሰዓት ተንሳፈፍኩ። ስስ ደመና አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል። ውኃው ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠሉ አይታወቅም። ማታ ትከሻዬና የጉልበቴ ማጠፊያ ነደደ። ሁለት ሌሊት በሆዴ ተኛሁ። 31 ዓመት ለሰው ስመክር የኖርኩት ሴትዮ!

ዓይነቱንም ማየት ነው። ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉ ኬሚካሎች ያሉበት ሳንስክሪን እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከልክላለች፤ ኮራል ለሚባለው የባሕር ውስጥ ፍጡር አይበጅም ብላ። የፓስፊኳ ደሴት አገር ፓላው ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ጠበቅ አድርጋዋለች፤ ቱሪስት ይዞት ቢመጣም ይወሰድበታል። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለበትን ብትይዙ ትገላገላላችሁ። ችግሩ እንደ እኔ ጠቆር ያለ ፊት ላይ አመድ የተነፋበት ያስመስላል። ቀለም የተቀላቀለበት አለና እሱን ፈልጉ።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ዝርዝራችሁ ውስጥ «የራስ ምታት ኪኒን» ከሚለው በቀር ምንም የለም። ወባ ወዳለበት ደሴት የምትሄዱ ከሆነ ሐኪም የሚያዝላችሁ መከላከያ አለ። ከእነሱ አንዱ ዶክሲሳይክሊን ነው። ይህ መድኃኒት ቆዳ በፀሐይ በቀላሉ እንዲቃጠል ያደርጋል። መድኃኒቱን ውጦ አሸዋ ላይ መዘርጋት ምን እንደሚያመጣ አስቡት። ስትገዙ ፋርማሲስቱን ጠይቁት። ካልነገራችሁም ተቆጡት፣ እኔ ፈቅጄላችኋለሁ።

የዘወትር መድኃኒት ያለው ሰው በእጅ ሻንጣው ይያዝ። ከነካርቶኑ፣ ከነማዘዣው ግልባጭ። ትልቁ ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፤ ኪኒን በብልቃጥ ተገልብጦ ሲገኝ ደግሞ ምንነቱን ለጉምሩክ ሰው ማስረዳት አበሳ ነው። ኢንሱሊን ደግሞ ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ አይገባም፤ በረዶ ሊሠራና ሊበላሽ ይችላል። በሙቀትና በላብ፣ በሆድ መበላሸትም ለሚጠፋው ፈሳሽ በውኃ የሚበጠበጠውን ዱቄት፣ ኦአርኤስ፣ ጥቂት ፓኬት ጨምሩ። ክብደት የላቸውም። ጀልባ የሚያጥወለውለው ሰው መድኃኒቱን ከመሳፈሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ይውሰድ። ከዳሬሰላም ዛንዚባር ጀልባው ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እህቴ ማስታወክ ከጀመረች በኋላ ነው «ኪኒኑን አምጪ» ያለችኝ። ምን ዋጋ አለው?

ትንኝ ማባረሪያውን ከሳንስክሪኑ በኋላ ነው የሚቀቡት፤ መጀመሪያ ክሬም፣ ከዚያ ማባረሪያ። ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ከሆነ ከመነጽራችሁ ፍሬምና ከሰዓታችሁ አርቁት፤ ፕላስቲክ ያሟሟል። ትንኝ ማታ ማታ ብቻ የምትናከስ የሚመስለው ሰውም አለ። ደንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን በሽታዎች የምታስተላልፈዋ ትንኝ ግን ቀን ነው የምትናከሰው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 ሬዩንየን ደሴት ላይ ቺኩንጉንያ ሲነሣ ከነዋሪው ሲሦ ያህሉን ነው የያዘው።

የቢጫ ወባ ካርዱንም አትርሱ። በሽታው ካለበት አገር የሚመጣን ሰው ብዙ ደሴቶች ይጠይቁታል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። በረራው ነገ ሆኖ ዛሬ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ስንቱን አየሁ! እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል፤ አሮጌ ነው ብላችሁ አትጣሉት።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ሰባቱን ቀሚስ ሦስት አድርጉት። ጂንስ እዚያ እርጥበት ውስጥ አይደርቅም፣ ተዉት። ስቶን ታውን፣ አሮጌው የዛንዚባር ከተማ፣ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ነገር ያስፈልጋችኋል፤ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፣ መከባበር ነው። እዚያው ካንጋ የሚባለውን ባለ ጥለት ጨርቅ አንድ ብትገዙ ቀሚስም፣ ሻርፕም፣ ፎጣም ይሆናል።

ጫማ ግን የውኃ ጫማ ያዙ፤ ጎማ ሶል ያለው፣ እግር ላይ የሚጠብቅ። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ በጣም ርቆ ነው የሚሸሸው። ሰው እየተራመደ ይገባል። ከሥር የባሕር ጃርት ተቀምጦ ይጠብቀዋል። እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ሲቀር በመርፌ ማውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በነጠላ ጫማ አትመኑ፤ የመጀመሪያው ሞገድ ነው ይዞት የሚሄደው።

ሌላው ሕግ ነው። የእህቴ ልጅ ባርቤዶስ ሊሄድ ሲሸክፍ የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ቁምጣ አጥፎ አየሁት። አስጣልኩት። ባርቤዶስ፣ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ሲቪል ሰው እንዲህ ያለ ልብስ እንዳይለብስ ይከለክላሉ፤ ሕፃንም ቢሆን። ማልዲቭስ ደግሞ መጠጥ ይዞ መግባት አይቻልም። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ታግዷል። እዚያው ማልዲቭስ በባሕር ላይ በሚያርፈው ትንሽ አውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ሻንጣው አብዛኛውን ጊዜ በ20 ኪሎ ይወሰናል። አውሮፕላኑ የሚበረው ቀን ብቻ ነው፤ አመሻሽታችሁ ከደረሳችሁ ዋና ከተማው ማሌ ታድራላችሁና ቅያሪ ልብስ በእጅ ሻንጣችሁ ይኑር።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በትልቁ አይሆንም። ባለ 20,000 ሚሊ አምፒር ሰዓቱ 74 ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከተፈቀደው 100 በታች ስለሆነ አያሳስብም።

አሁን ወደ ካውያው። እህቴም እንደ ጸሐፊያችሁ ካውያ ይዛ ነበር። ሁለት ኪሎ ይመዝናል። ክፍላችን ገብታ ልትሰካው ስትል ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ያለው፣ የእንግሊዝ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሲሸልስም ማልዲቭስም ይኸው ዓይነት አለ። መቀያየሪያ አልያዘችም። ካውያው ሳምንቱን ሙሉ በሩ በንፋስ እንዳይዘጋ መደገፊያ ሆኖ ከረመ። የተጨማደደውን ቀሚስ ማታ መታጠቢያ ቤት ሰቅለነው ጠዋት በእንፋሎቱ ተፈታ።

እንግዲህ ለቀጣዩ እትም እርማት ብታወጡ ደስ ይለኛል። ጫማ በአሮጌ የትራስ ልብስ ይጠቀለላል። እርጥቡ የዋና ልብስ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቅና ይገባል። እኔ አሁን የማደርገው ይህን ነው።

እህቴ ለከርሞ ሲሸልስ እንሂድ ብላለች። ካውያውን ትተዪዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ትንሿን ነው እትዬ» አለችኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ ፋርማሲስት