ቁጭ ብለው ማራቶን ለጨረሱት የሰፈራችን ሰዎች

እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን! ባለፈው ቅዳሜ ቁጭ ብለው እንደ ጀልባ ቀዛፊ እጀታ በሚስቡባት በአንዲት የቀዘፋ ማሽን ላይ እየተቀባበላችሁ 42,195 ሜትር ቀዝፋችኋል። የሁለተኛ ክፍል ተማሪም ነበረ፣ የጡረታ ደብተር የያዘም ነበረ። ሯጭ በበዛበት አገር ማራቶንን ቁጭ ብሎ መጨረስ ቀላል አይደለም። (ሲቀልዱብን የሰነበቱት ይቺን ያንብቡልን።)

መጀመሪያ ቦስተን ያለችውን እህቴን ላመስግን። እዚያ ቻርልስ ወንዝ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመ ኮሚዩኒቲ ሮዊንግ የሚባል ማኅበር አለ። እሷም እዚያ ትቀዝፋለች። ማኅበሩ ጀማሪ፣ ልጅ፣ አዛውንት፣ አካል ጉዳተኛ ብሎ አይለይም፤ ሁሉንም ያስቀዝፋል። ብርዱ መጥቶ ወንዙ በረዶ ሲሆን ቤት ውስጥ በማሽን ይቀጥላሉ። ልቤን የገዛው ይኼ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። «የኛስ ክረምት?» አልኳት። ጅማ ዝናብ ከያዘ መሮጫው ጭቃ፣ ኳስ ሜዳው ኩሬ ነው። ብዙም አላወራችም። ያገለገለ ማሽን ላከችልን።

ቡናውን አዲስ አበባ አራግፎ ሲመለስ ማሽኗን ጭኖ ላመጣልን የአይሱዙ ሾፌር፦ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሸክመህልን በምሳ ብቻ ሸኘንህ። ብድር መላሽ ያድርገን።

ጋሼ፣ የስፖርት መምህራችን፣ እርስዎ ባይኖሩ ወገባችን አልቆልን ነበር። ሁላችንም የጀመርነው በእጅ እየጎተትን ነው። «እግር፣ ጀርባ፣ እጅ! ስትመለሱ እጅ፣ ጀርባ፣ እግር!» እያሉ ሲጮሁ አሁንም ይሰማኛል። ጉልበቱ ከእግር እንደሚመጣ የገባን በእርስዎ ነው። ብቻ እትዬን ማንም አላስተማራቸውም። ነጠላቸውን አሸንፍጠው ተቀመጡና «ይቺማ ወፍጮ ናት» ብለው ጀመሩ። እውነትም በድንጋይ ወፍጮ ያደገ ሰው ገፍቶ መመለስን ያውቅበታል። ጂም የሚሠሩት ጎረምሶች አፋቸውን ይዘው ነው ያዩዋቸው።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራት ጠፋ። ያኔ አለቀልን ብዬ ነበር። ማሽኗ ግን ሶኬት አትፈልግም። እጀታውን ስትስብ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ የሚከብድህ እሱ የሚገፋው አየር ነው። በኃይል የሳበ በኃይል ይከብደዋል፣ ቀስ ያለ ይቀለዋል። ለዚህ ነው ሕፃኑም ክብደት አንሺውም በአንድ ወንበር የሚፈራረቁት። ሜትር የምትቆጥረው ትንሿ ስክሪንም በባትሪ ነው የምትሠራው። ስልካችሁን አብርታችሁ ዙሪያውን የቆማችሁ ልጆች፣ የመጨረሻዎቹን ሺህ ሜትሮች ያስጨረሳችሁን እናንተ ናችሁ።

ከጎን ያሉ ጎረቤቶች፣ ጩኸቱን ስለታገሳችሁ እናመሰግናለን። ቡናውንም ቆሎውንም ያቀረባችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ። ቀዘፋን ከሦስተኛው ስኒ በኋላ መሞከር ግን አይመከርም። ሞክረን አይተነዋል።

«ጀልባውስ መቼ ነው? ቦዬ አጠገባችን አይደል?» ላላችሁኝ፦ ቦዬ፣ ጅማ አጠገብ ያለው ረግረግ ውሃ፣ ጉማሬ አለበት። ደግሞ ዋና የማይችል ልጅ ጀልባ ላይ አላስቀምጥም። ቀዛፊ ወደ ኋላው እየሄደ ነው የሚቀዝፈው፤ ፊት ለፊቱን አያይም። ስለዚህ መጀመሪያ ዋና፣ ቀጥሎ የተመቸ ውሃ፣ ጀልባው ከዚያ በኋላ። ዋና ማስተማር የሚችል ሰው ካለ ዛሬውኑ ያናግረኝ።

ማሽኗ እዚያው የቀዘፍንበት አዳራሽ ትቆያለች። ረቡዕና ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነው፣ ክረምቱንም ጭምር። ክፍያ የለም። ልብስ ማስጫ የሚያደርጋት ሰው ካየሁ ግን እጣላለሁ።

አንድ ጀበና፣ አንድ ጥቁር ጃንጥላና የግራ እግር ሸራ ጫማ ተረስተው እኔ ጋ አሉ። ባለቤቶቹ መጥታችሁ ውሰዱ።