ኩርትዝ ሲሞት ምን አለ? የሥነ ጽሑፍና ንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን እንደ ወትሮው አባላቱን መዝግቦና አመራሩን መርጦ ዘወትር ዓርብ ሲሰበሰብ ከርሟል። የግድግዳ መጽሔቱም ወጥቷል፤ በሰልፍ ላይ የሚቀርበው ግጥምም አልተቋረጠም። የዓመቱ ዋና ሥራችን ግን የጆሴፍ ኮንራድን «የጨለማ ልብ» ማንበባችን ነው።

በ1899 እ.ኤ.አ. በመጽሔት የወጣው ይህ ልብ ወለድ አፍሪካውያንን ያዋርዳልና ለልጆች አይገባም ያሉን ባልደረቦች ነበሩ። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር ኮንራድን በዘረኝነት መክሰሱን ተማሪዎቻችን ከመጽሐፉ ጋር አጣምረው ስለመረመሩ ወቀሳው ይገባናል ብዬ አላምንም።

ክርክሩ የጋለው ቁስቋም በወጣንበት ቅዳሜ ነው። በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ በመጽሐፉ ውስጥ በአፍሪካ የዝሆን ጥርስ ሰብሳቢ የሆነው አውሮፓዊው ኩርትዝ በእንፋሎት ጀልባው ላይ ነፍሱ ልትወጣ ስትል በሹክሹክታ «ሰቆቃው! ሰቆቃው!» ማለቱ ምን ማለቱ እንደሆነ ተሟገትን። አንዱ ወገን በቤቱ ዙሪያ የሰው ራስ በእንጨት ላይ የሰካ ሰው በመጨረሻ በራሱ ላይ ፈረደ፣ ይህ ኑዛዜ ነው አለ፤ ሌላው ኑዛዜማ ቢሆን ኃጢአቱን ይዘረዝር ነበር፣ ያየው ሞትን ነው ሲል ተከራከረ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ ቃሉን የሰማው የታሪኩ ተራኪ መርከበኛው ማርሎ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ውሸት እጠላለሁ ሲል ቆይቶ የሟቹን እጮኛ «የመጨረሻ ቃሉ ያንቺ ስም ነበር» ብሎ መዋሸቱን ከገጹ እያነበበ እማኙን ውድቅ አደረገው።

ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምተናት የማናውቅ ልጅ እጅዋን ያወጣችው ያን ጊዜ ነው። አያቷ ባረፉ ጊዜ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «ምን ብለው አረፉ?» እያለ ሲጠይቅ እናቷ ለእያንዳንዱ የሚያጽናናውን ትመልስ እንደነበር ነገረችን። «እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ውኃ ከማለት በቀር ምንም አላሉም» አለች። ጥቂት ዝም ብላ ቆይታም፣ ማርሎ ለሴትዮዋ የደበቀውን ከብዙ ጊዜ በኋላ በቴምዝ ወንዝ ላይ ለጓደኞቹ መናገሩን አስታወሰችና «መናዘዝ የፈለገው እሱ ይሆናል» ስትል ጨመረች። ስለዚህ መጽሐፍ በማስተማር ዘመኔ ከሰማሁት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

በሁለተኛው መንፈቅ የ12ኛ ክፍል አባላት በፈተና ዝግጅት ምክንያት ቀርተውብናል። ያነበብነውም ከአንዲት ቅጂ ተባዝቶ፣ ፊደሉ በደበዘዘ ወረቀት ነው፤ ኳስ በየዓመቱ በሚገዛበት ግቢ ለንባብ ክበብ አንድ መጽሐፍ አለመገዛቱን አስተዳደሩ ሊያስብበት ይገባል። በመጪው ዓመት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለማንበብ ስላቀድን፣ ቅጂው በቤታችሁ ያለ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ለቤተ መጻሕፍታችን እንድትለግሱን፣ የሌላችሁም ለሁለት ተማሪ አንድ ቅጂ እንዲደርስ በገንዘብ እንድታግዙን በአክብሮት እንጠይቃለን።