ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ስለተደረገው የቤተሰብ ጉዞ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለጉዞ አዘጋጅ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ በውሉ መሠረት ስላልተሰጠ የጉዞ አገልግሎት ቅሬታ ማቅረብንና ገንዘብ እንዲመለስልን መጠየቅን ይመለከታል

ከጥቅምት 2 እስከ 4 ቀን 2011 ዓ.ም. ማለትም ከዓርብ እስከ እሑድ፣ ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ዘንገና ሐይቅን፣ ባሕር ዳርን፣ የዘጌን ገዳማትና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አይተን እንድንመለስ ከድርጅታችሁ ጋር መዋዋላችን ይታወሳል። ተጓዡ ሦስት ቤተሰብና ጓደኞቻቸው፣ በጠቅላላው 19 ሰው ነው፤ 14 አዋቂ፣ 5 ልጅ። ከአዋቂዎቹ ስምንቱ ሴቶች ናቸው፣ ሦስቱ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ አረጋውያን። የልጆቹ ታናሽ 4 ዓመቷ ነው። ለአዋቂ 2,800፣ ለልጅ 1,400 ብር ታስቦ በድምሩ 46,200 ብር ከፍለናል። ውሉም ደረሰኙም በአባሪነት ተያይዘዋል።

ከሁሉ በፊት የምዝገባ ቅጻችሁን አውጥታችሁ እንድታዩልን እንጠይቃለን። ቅጹ ጥሩ ቅጽ ነው። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ጾመኛ ነው አይደለም፣ ደረጃ መውጣት ይችላል አይችልም፣ የልጅ ክብደት ስንት ኪሎ ነው እያለ ይጠይቃል። አንድም ቦታ ሳይዘለል ተሞልቶ ከጉዞው 12 ቀን ቀደም ብሎ ቢሯችሁ ገብቷል። ከዚህ በታች ከምንዘረዝረው ውስጥ አብዛኛው ቅጹ ተነብቦ ቢሆን ኖሮ ባልደረሰ ነበር። መንገድ ነውና ያልታሰበ ነገር ይገጥማል፤ በዚያ አንከስም። የምንከሰው ተጽፎ በተሰጣችሁ ነገር ነው።

ተሽከርካሪውን በተመለከተ፦ ውሉ የሚለው ኮስተር (መካከለኛ አውቶቡስ) ነው። የመጣው ሃይሩፍ (ሚኒባስ) ነው። መነሻው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተብሎ ሳለ መኪናው የደረሰው 3፡30 ላይ ሲሆን፣ 19 ሰው ከነሻንጣው በአንድ ሃይሩፍ እንዲሳፈር ተደረገ። ልጆች በአዋቂ ጭን ላይ ተቀመጡ፤ የሚታጠፉት የመተላለፊያ ወንበሮች ሁሉ ተዘረጉ። እነዚህ ወንበሮች ሲዘረጉ ከኋላ ያለ ሰው መውጫ የለውም። አንድ አዛውንት ውሃ ሽንት በመጣባቸው ቁጥር ስድስት ሰው መውረድ ነበረበት። ሻንጣው በሙሉ ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ላይ ወጣ። ከላይ የከበደ መኪና ኩርባ ላይ እንደሚያጋድል፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማም እንደሚግልና እንደሚፈነዳ ማንም ሹፌር ያውቀዋል። እንደተፈራውም ዳንግላን አልፈን መራዊ ሳንደርስ፣ መሽቶ፣ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ወርዶ ሲታይ አየር አልነበረውም፤ ክሪኩም የሌላ መኪና ነበር። ጎማው በአላፊ አግዳሚ እርዳታ መራዊ ከሚገኝ ጎማ ጠጋኝ (ጎሚስታ) ዘንድ ተወስዶ ተሠራ፤ ሒሳቡን 350 ብር የከፈልነው እኛ ነን። ሹፌሩ ባለው አቅም ደክሟል፣ በእሱ ላይ ቅሬታ የለንም። ስኮርታ መፈተሽ ግን መኪናው ከግቢ ሳይወጣ በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አረጋውያንና ሕፃናት ይዞ፣ ደንበጫ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ጊዜ፣ ቡሬ ላይ ሌላ ጊዜ እያረፉ፣ ዘንገና ምሳ በልቶ፣ ባሕር ዳር በቀን ለመግባት ከጠዋቱ 1 ሰዓት መነሳት የግድ ነው። ያ ሁለት ሰዓት ተኩል ከጠፋ በኋላ የቀሩት ዕቅዶች ሁሉ ተንጋደዱ። ዘንገና 5 ሰዓት መድረስ ሲገባ 8 ሰዓት ተደረሰ። ባሕር ዳር የተገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማታ ማታ ከብት ወደ ቤቱ በሚነዳበት አስፋልት ላይ።

ስለ ዘንገና አንድ ነገር እናክል። ሐይቁ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጉድጓድ ነው፤ ዳርና ዳሩ ቁልቁል ነው፤ ጥልቀቱም ከ160 ሜትር በላይ ነው። ዳሩ ላይ እየተንቦራጨቁ የሚጫወቱበት ውሃ አይደለም። በራሪ ወረቀታችሁ ላይ «ልጆች በውሃ የሚዝናኑበት» ተብሎ ተጽፏል። ይህ መስመር ዛሬውኑ እንዲሰረዝ እንጠይቃለን። ቦታው ደጋ ስለሆነ ከቀትር በኋላ እንደሚበርድም ለተጓዥ ሊነገረው ይገባል፤ ባሕር ዳር ይሞቃል ተብሎ ስስ ልብስ ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ይንቀጠቀጣል።

ምግቡ። ዓርብ ነበር። ከ19 ሰው 17ቱ ጾመኛ መሆኑ በቅጹ ላይ ተሞልቷል። ሦስቱ አረጋውያን በተጨማሪ ጽጌ እየጾሙ ስለነበር ቅዳሜና እሑድም የጾም ምግብ እንደሚያስፈልጋቸው በማሳሰቢያው ሥር ለብቻ ተጽፏል። ለምሳ የመጣው ግማሹ ቀይ ወጥ ነው። የተቀረው ሽሮ ነው፤ እሱም ሌሊት ተሠርቶ በትኩሱ በፕላስቲክ ባልዲ ተከድኖ የመጣ። ሽሮ ትኩስ እንዳለ አፉ ከታፈነ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ይመለስና በሰዓታት ውስጥ ይኮመጥጣል፤ 8 ሰዓት ላይ ሲከፈት ሽታው ከሩቅ ይጣራ ነበር። ወይ ቀዝቅዞ መከደን ነበረበት፣ ወይም እሳት ይዞ ሄዶ እዚያው ማማሰል። ለመንገድ የሚሆን የጾም ምግብ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ጠፍቶ አይደለም፤ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ አዚፋ፣ በሶ ይበቃ ነበር። ቅዳሜ ማታ ለአረጋውያኑ የጾም ተብሎ የቀረበው የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ነው። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር እናንተ ላይ አናመጣም፤ ተጓዡ ራሱ አልበላም ብሎ አስቀድሞ ከጻፈ ግን ክርክሩ አልቋል።

የመኝታ ክፍሎቹ ንጹሕ ነበሩ። አጎበር ግን ከሰባት ክፍል በሁለቱ ብቻ ነው የነበረው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ ዝናቡ አባርቶ ውሃ በየቦታው ሲያቁር፣ በጣና ዙሪያ ወባ ይበረታል። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣ ደገኛ ደግሞ ወባ ያልለመደ ነው። ሆቴል ስትይዙ ከዋጋው እኩል የአጎበሩን ነገር ጠይቁ፤ ከሌለም አጎበር ገዝቶ መያዝ ትልቅ ወጪ አይደለም።

አሁን ወደ ጀልባው እንምጣ፤ ይህን ደብዳቤ ያጻፈን ዋናው ነገር እሱ ነው።

ጣና ጠዋት ጠዋት ዝም ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ወደ ዘጌ የሚሄድ ሰው ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነስቶ፣ ገዳማቱን ተሳልሞ፣ 7 ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል። ውላችሁም 1፡30 ይላል። እኛ 1፡15 ወደቡ ላይ ተገኘን። ጀልባ አልተያዘም። አስተባባሪያችሁ በስልክ ሲፈልግ ቆይቶ የተገኘው ጀልባ የተነሳው ከቀኑ 7፡30 ላይ ነው። ነፋሱ በሚነሳበት ሰዓት ሄድን ማለት ነው።

በጀልባው ላይ የነበረው ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) 11 ነው። የተሳፈረው ሰው ከጀልባ ነጂውና ከረዳቱ ጋር 21 ነው። ከአሥራ አንዱ የሦስቱ መቆለፊያ ተሰብሮ በገመድ የታሰረ ነበር። አንድም የልጅ ልክ አልነበረም። የልጆቹን ክብደት በቅጹ ላይ የጠየቃችሁት ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ማሰባችን አልቀረም። የአዋቂ ጃኬት ለ16 ኪሎ ልጅ ማልበስ አለማልበስ ነው፤ ልጁ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ጃኬቱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ልጁ ግን በሥሩ ሾልኮ ይሰምጣል። የልጅ ጃኬት የሚመረጠው በኪሎ ነው፤ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያና ከአንገት በስተኋላ ጭንቅላት የሚደግፍ ትራስ ሊኖረው ይገባል። ልኩ የሚታወቀውም እንዲህ ነው፦ ልጁ ጃኬቱን ለብሶ ቆሞ ሳለ ከሁለቱ ትከሻ በኩል ወደ ላይ ይሳባል፤ ጃኬቱ ከአገጩ ካለፈ ትልቅ ነው። በውስጡ ያለው ፎም ያረጀና ውሃ የጠጣ ጃኬትም በእጅ ሲያነሱት ይከብዳል፤ እንዲህ ዓይነቱ ሰውን አያነሳም። ይህን ሁሉ ከመሳፈር በፊት መመርመር የአስተባባሪው ሥራ ነው። የነዳጁ ጀሪካን ልጆች ከተቀመጡበት አጠገብ መቀመጡንም ሳንጠቅስ አናልፍም።

ከዚያ ጀልባው ያመራው በውሉ ላይ ወደሌለው ወደ ክብራን ገብርኤል ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ቅርብ ስለሆነ በዚያው እንለፍ» የሚል ነበር። ክብራን ገብርኤል ሴት የማይገባበት ገዳም መሆኑን ባሕር ዳር ውስጥ ጫማ የሚጠርግ ልጅ እንኳ ያውቃል። ስምንት ሴቶችና ሴት ልጆቹ ፀሐይ ላይ ጀልባው ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። እንጦስ ኢየሱስ እዚያው ጎን ለጎን አለ፤ ሴቶች ይገቡበታል፤ ወደዚያ የወሰዳቸው የለም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ የወንዶች ነው፤ የዘጌዎቹ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው። ለቤተሰብ ጉዞ ዘጌ የተመረጠው በዚህ ነው። ዘጌ ስንደርስ 10 ሰዓት አልፏል። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ደን ውስጥ የሚያወጣው መንገድ ድንጋያማ ዳገት በመሆኑ አረጋውያን እያረፉ ነው የሚወጡት። የመቅደሱን ሥዕሎች በጥድፊያ አይተን ወረድን። አዝዋ ማርያም ቀረ። መልሱ በማዕበል ውስጥ ነበር፤ ጀልባው ባሕር ዳር የደረሰው ጨልሞ ነው። ዘጌ በየብስም መንገድ እንዳለው ስለሚታወቅ፣ ጠዋት ጀልባ ሲታጣ በመኪና ለመውሰድ አንድ ሰው እንኳ ሊያስብ ይችል ነበር።

ጢስ ዓባይ እሑድ ነበር። የውሃው መጠን ላይ ቅሬታ የለንም፤ በጥቅምት ፏፏቴው ሙሉ ነው። ሆኖም «ዓመቱን ሙሉ» የሚለውን ማስታወቂያችሁን አርሙት። ውሃው ጨረጨራ ላይ ተገድቦ የሚለቀቅ፣ ለመብራት ኃይልም የሚውል ስለሆነ፣ በበጋ የሚመጣ ሰው ፎቶው ላይ ያየውን አያገኝም። ቅሬታችን በመንገዱ ነው። ከጢስ ዓባይ ከተማ ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል የሚያልፈው ሲሆን ቁልቁለትና ዳገት አለው፤ ክረምት ወጥቶ ጭቃው እስኪደርቅ ያዳልጣል። ሌላው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በአብዛኛው በሜዳ የሚያስኬደው ነው። «ደረጃ መውጣት አይችሉም» ተብለው የተመዘገቡ ሦስት አረጋውያን የተወሰዱት በመጀመሪያው ነው። ከግማሽ መንገድ ተመለሱ፤ ፏፏቴውን አላዩም። ወንዙ ሲበረታ ጀልባው እንደማይሠራ እናውቃለን፤ የዚያን ቀን ግን እየሠራ ነበር።

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል የምንሰማው ተረት እዚያ እውነት ሆነ። ለ19 ሰው የተጫነው የመጠጥ ውሃ 12 ሊትር ነው። ሙቀት ወዳለበት ለሚሄድ ሰው በቀን ቢያንስ 2 ሊትር ይታሰባል፤ 38 ሊትር ማለት ነው። 24 ሊትር በ480 ብር ራሳችን ገዛን።

በዚህ መሠረት እንዲመለስልን የምንጠይቀው የሚከተለው ነው። በራሳችሁ ዋጋ ዝርዝር ኮስተር በቀን 4,500፣ ሃይሩፍ 2,500 ብር ስለሆነ የሦስት ቀን ልዩነቱ 6,000 ብር። ከጀልባው ክፍያ 3,600 ብር ግማሹ 1,800 ብር። የዓርብ ምሳ ለ19 ሰው በ120 ሒሳብ 2,280 ብር። ለጎሚስታ 350፣ ለውሃ 480 ብር። ድምር 10,910 ብር። የላይፍ ጃኬቱን ጉዳይ በገንዘብ አልተመንነውም፤ እንዲተመንም አንፈልግም። በእሱ ፈንታ ከማናቸውም ቀጣይ ጉዞ በፊት በተሳፋሪ ቁጥርና በልጆች ኪሎ ልክ ጃኬት መኖሩን አስተባባሪው በፊርማ የሚያረጋግጥበት ወረቀት እንድታዘጋጁና ቅጂውን እንድትልኩልን እንጠይቃለን።

መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ካልደረሰን በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት መብታችንን ለማስከበር አቤቱታችንን ለሚመለከተው አካል የምናቀርብ መሆኑን እናሳውቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የተጓዦቹ ተወካዮች
(ስምና ፊርማ በዋናው ቅጂ ላይ)

አባሪ፦ ውል፣ ደረሰኝ፣ የተሞላው የምዝገባ ቅጽ ቅጂ፣ የጎሚስታና የውሃ ደረሰኞች፣ የላይፍ ጃኬቶቹ ፎቶግራፍ

ግልባጭ፦
ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ደብረ ማርቆስ