የቤተ መጻሕፍት ክበብ የዓመቱ የሥራ ዘገባ

የክበባችን አባላት ዘንድሮ ያገለገሉት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መደርደሪያ አስተካክለዋል፣ የተጎዱ መጻሕፍትን ጠግነዋል፣ ለሕፃናት አንብበዋል፣ ፈልገው ያጡ አንባቢዎችንም ረድተዋል። ከሁሉም ብዙ ጊዜ የወሰደው መደርደሪያው ነው፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ቦታውን የሳተ መጽሐፍ በካታሎጉ፣ ማለትም በቤቱ መጻሕፍት መዝገብ ላይ «አለ» ይላል፤ አንባቢው ግን መደርደሪያው ድረስ ሄዶ ባዶ እጁን ይመለሳል። መጽሐፉ ከቤቱ ሳይወጣ ጠፋ ማለት ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ የሚሠራው አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የአስርዮሽ አመዳደብ ነው። ዕውቀት ሁሉ ከ000 እስከ 900 ባሉ አሥር ዋና መደቦች ይከፈላል፤ 200 ሃይማኖት፣ 500 የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ ነው። አዲስ አባል ይህን ቶሎ ይይዛል። የሚሳሳተው ከነጥቡ በኋላ ነው። 398.12 እና 398.2 ሲሰጡት «አሥራ ሁለት ከሁለት ይበልጣል» ብሎ 398.12ን ወደ ኋላ ያደርገዋል። ቁጥሩ ግን አስርዮሽ ስለሆነ የሚነበበው አንድ በአንድ ነው፤ አንድ ከሁለት ስለሚቀድም 398.12 ይቀድማል። ግራ ለተጋባ ተማሪ የሚበጀው ርዝመታቸው እኩል እስኪሆን በሐሳቡ ዜሮ እንዲጨምር ማድረግ ነው፦ 398.120፣ 398.200፣ 398.204፣ 398.210። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ሲሆን ቅደም ተከተሉን ከሥሩ ያሉት የጸሐፊው ስም ፊደላት ይወስናሉ።

መደርደሪያ የሚፈተሸው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ነው። ያለ ቦታው የተገኘውን መጽሐፍ ወዲያው ይዞ መሄድ ሥራውን ያቋርጣል፤ አባላቱ መጽሐፉን በጎኑ አጋድመው ይተዉትና ረድፉን ሲጨርሱ የተጋደሙትን በአንድ ጊዜ ይሰበስባሉ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ዓይን ቁጥሩን እያየ አያነብም፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ ተራ መቀያየር ግድ ነው። ከየመደርደሪያው ሩብ ያህሉ ባዶ መሆን አለበት። ታጭቆ የሞላ መደርደሪያ አንባቢውን መጽሐፉን ከአከርካሪው (ገጾቹ ከተሰፉበት ጀርባ) ጫፍ ይዞ እንዲጎትት ያስገድደዋል፤ የሽፋኑ ጨርቅ መጀመሪያ የሚቀደደውም እዚያው ላይ ነው። ትክክለኛው አወጣጥ የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹን በጥቂቱ ወደ ውስጥ ገፍቶ መጽሐፉን ከወገቡ መያዝ ነው። አንባቢዎችም ያነበቡትን መልሰው እንዳይደረድሩ፣ ጠረጴዛ ላይ እንዲተዉ የሚጠይቅ ጽሑፍ በየጠረጴዛው ተለጥፏል። ጥቅሙ ድርብ ነው፦ ስህተት ይቀንሳል፣ በውሰት ሳይወጡ እዚያው የተነበቡ መጻሕፍትም ይቆጠራሉ።

በካታሎጉ ላይ ብዙ ጥረት የጠየቀው የፊደል ጉዳይ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»፤ አንዱ «ሀገር»፣ ሌላው «አገር»። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተሩ የተለያየ ቃል ስለሆነ «አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል። ለአንባቢው የሚደረገው እርዳታ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የሌሉበትን አንድ ቃል ከርዕሱ መርጦ በእሱ ብቻ መፈለግ፤ እንዲህ ያለ ቃል ከጠፋ ፊደሉን እየለወጡ መሞከር፤ በመጨረሻ በጸሐፊው ስም መሄድ። ዘላቂው መፍትሔ ግን በባለሙያዎቹ እጅ ነው። ማርክ በተባለው፣ ኮምፒውተር በሚያነበው የካታሎግ ቅርጸት መዝገብ ውስጥ 246 የተባለው መስክ የርዕሱን ሌላ አጻጻፍ ለመያዝ የተሠራ ነው፤ እዚያ ላይ ሁለተኛው አጻጻፍ ከገባ አንባቢው በየትኛውም ቢጽፍ መጽሐፉ ይመጣለታል። አባላቱ ፍለጋ ያከሸፉ ርዕሶችን በደብተር እየመዘገቡ ለባለሙያዎቹ አስረክበዋል። ለእኔ ከዓመቱ ሥራ ሁሉ ብዙ ዕድሜ የሚኖረው ይህ ደብተር ነው።

አንባቢን መርዳት ከመልስ በፊት ጥያቄ ይፈልጋል። «የሳይንስ መጽሐፍ አላችሁ?» የሚል ሰው ምናልባት የሚፈልገው ስለ ንብ አንድ ምዕራፍ ነው። «በተለይ ስለ ምን ማወቅ ፈለጉ?» ማለት መንገዱን ያሳጥራል፤ «ለምን ፈለጉት?» ማለት ግን ሰውን ያሸማቅቃል። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካስቀመጣቸው አምስት ሕግጋት አራተኛው የአንባቢን ጊዜ መቆጠብ ነው። ከዚህ ጋር አባላት ሁሉ የሚጠብቁት አንድ ደንብ አለ፦ ማን ምን እንደተዋሰ ለማንም አይነገርም፤ ለጓደኛም፣ ለወላጅም፣ ለመምህርም።

ጥገናው የተጀመረው ስኮች ከጥገና ሣጥኑ ውስጥ በማስወጣት ነው። ስኮች ለጊዜው ይይዛል፤ ውሎ ሲያድር ማጣበቂያው ይቢጫል፣ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል፣ ሲላጥም ጽሑፉን ይዞ ይነሣል። የተቀደደ ገጽ የሚጠገነው በስስ የጥገና ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሊጥ ነው። ወረቀቱ በመቀስ አይቆረጥም፤ በውሃ መስመር ተሠምሮበት በእጅ ይቀደዳል፤ ከጠርዙ የሚወጡት ቃጫዎች ከገጹ ጋር ይዋሃዳሉ።

ከሽፋኑ የላላ ጥራዝ ሌላ አያያዝ አለው። መጽሐፉ በግርጌው ይቆምና ሽፋኑ በትንሹ ይከፈታል። ቀጭን የሹራብ መሥሪያ ዘንግ ፒቪኤ በተባለው ነጭ ሙጫ ተነክሮ በአከርካሪው ማጠፊያ ክፍተት ውስጥ እስከ መካከሉ ይገባና እየተሽከረከረ ይወጣል፤ ከዚያ መጽሐፉ ተገልብጦ በሌላው ጫፍ ይደገማል። በሽፋኑና በመጀመሪያው ገጽ መካከል ሰም የተቀባ ወረቀት ይገባል፤ ይህ ከተረሳ መጽሐፉ ተጣብቆ አይከፈትም። ማጠፊያው በለስላሳ ጠፍጣፋ አጥንት ተጭኖ ከተሠመረ በኋላ መጽሐፉ ከክብደት ሥር ያድራል። ተማሪዎች አዘውትረው የሚያጠፉት በሙጫው ብዛት ነው። ከዘንጉ የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል፤ ትርፉ ወደ ገጾቹ ጠርዝ ይወርዳል።

ሻጋታ የታየበትን መጽሐፍ ማንም አባል አይጠግንም። በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ለባለሙያ ይሰጣል። ለረጠበ መጽሐፍ ደግሞ ጊዜ ወሳኝ ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ሻጋታ ሊጀምር ስለሚችል በዚያው ቀን ቆሞ፣ ገጾቹ ተከፍተው፣ ነፋስ በሚያገኝ ቦታ መድረቅ ይጀምራል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ሽፋኑን ያጣምመዋል።

የሕፃናት የንባብ ሰዓት ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። አንባቢው መጽሐፉን በትከሻው ጎን ከፍ አድርጎ ይዞ ሥዕሉን ወደ ልጆቹ ያዞራል፤ ስለዚህ ጽሑፉን በጎን እያየ ማንበብ እንዲችል አስቀድሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደጋግሞ መለማመድ አለበት። ከመስኮት ፊት ለፊት የተቀመጡ ልጆች ከብርሃኑ የተነሣ ሥዕሉ ይጠቁርባቸዋል፤ መስኮቱ ከልጆቹ ጀርባ ይሁን። በየገጹ መጠየቅ ተረቱን ይበጣጥሰዋል፤ ነገሩ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ «አሁን ምን ይሆን ይመስላችኋል?» የሚል አንድ ጥያቄ ይበቃል። ትልልቆቹ ልጆች መልሱን ቀድመው ስለሚናገሩ ሥዕሉን እንዲይዙ ወይም ገጽ እንዲገልጡ ሥራ መስጠቱ ለሁሉም ይጠቅማል።

ለቀጣዩ ዓመት አባላት የሚተላለፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የፍለጋ ደብተሩና የጥገና ሣጥኑ። የሙጫው ጠርሙስ ክዳን ሙጫው እንዳይደርቅ ሁልጊዜ ተጠርጎ ይዘጋ። የስንዴው ሊጥ ቶሎ ስለሚበላሽ ለአንድ ቀን የሚበቃው ብቻ ይዘጋጅ።