ያልሠራሽበትን ዓመት አትጻፊ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም ጉልበት ሻል ብሎታል። እሁድ ማታ አክስትሽ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ ነበር። የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኝ አደረ። በስልክ ባነሳው ሁለታችንም እንደምንቆጣ ስለማውቅ መጻፉን መረጥኩ። እርሷን እንዳትቀየሚያት፤ ተጨንቃ ነው።

አይ ትሪፕል ኢ በምትሉት የመሐንዲሶች ማኅበር ከፍተኛ አባል ለመሆን እንደምታመለክቺ በፋሲካ ስትነግሪኝ ምን ያህል እንደተደሰትኩ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን ስልክ ምሰሶ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1884 የተመሠረተውን፣ በ1963 ደግሞ ከሬዲዮ መሐንዲሶቹ ጋር ተዋሕዶ የዛሬውን ስም ያገኘውን ማኅበር፣ የስልኩ ሰውዬ ግራሃም ቤል በፕሬዚዳንትነት መርቶት እንደነበር ስሰማ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።

መስፈርቱንም ያስረዳሽኝ አንቺው ነሽ። 10 ዓመት በሙያው መሥራት ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ ቢያንስ በ5ቱ ጉልህ ሥራ መታየት አለበት። የመጀመሪያ ዲግሪሽ እንደ 3 ዓመት ይቆጠርልሻል። እዚህ ባንክ የሠራሽው አንድ፣ አሁን ያለሽበት አምስት። በጣቴ ደግሜ ደጋግሜ ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ነው። አክስትሽ እንደምትለው ግን፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ትቆርጪበት የነበረውን ዓመት «የክፍያ ሥርዓት ቴክኒሽያን» ብለሽ አሥር ልታደርጊው ነው።

ልጄ፣ ያልሠራሽበትን ዓመት አትጻፊ።

ያን ዓመት እኔም አውቀዋለሁ። ሌሊት ስትደውዪ የመኪና ጥሩምባ ይሰማኝ ነበር። «አባዬ ቆይ፣ መኪና መጣ» ትዪኝና የሳንቲም ድምፅ እሰማለሁ፤ ከዚያ እጅሽን በትንፋሽሽ እያሞቅሽ ትመለሻለሽ። እናትሽ ዓይኗን የታከመችው በዚያ ገንዘብ ነው። በዚያ ዓመት እኔ እኮራለሁ፤ አንቺ ለምን ስሙን ትቀይሪዋለሽ?

የማኅበሩን የሥነ ምግባር ደንብ በስልክ እያነበብሽልኝ ሳለ፣ አባሉ በሥልጠና ወይም በልምድ ብቁ የሆነበትን ሥራ ብቻ እንዲይዝ፣ አለዚያም የጎደለውን አስቀድሞ በግልጽ እንዲናገር የሚለው ላይ ስትደርሺ፣ ስልኩን ለእናትሽ ሰጥቼ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አልጠየቅሽኝም። አሁን ልንገርሽ።

ያ ሁልጊዜ በግራ እጁ የሚጨብጠን ሰው አለ አይደል? ትንሽ ልጅ ሳለሽ «ለምን በግራው?» ብለሽኝ ዝም አልኩሽ። በ1984 ዓ.ም. የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የዚያ ሰው እናት በነጠላዋ ጫፍ ቡና ቋጥራ ቤታችን መጣች፤ ልጇ የሥራ ልምድ ማስረጃ እንዲጻፍለት ፈልጋ። ከእኛ ጋር የሠራው 7 ወር ነው፤ እርሱም የኬብል ቦይ ቁፋሮ። እኔ «3 ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት» ብዬ ፈረምኩ፤ ማህተሙንም ራሴ መታሁበት። በዚያ ወረቀት ከከተማ ውጭ አንድ ፋብሪካ ቀጠረው። በአራተኛው ወር ኃይል ሳያቋርጥ የኤሌክትሪክ ሣጥን ከፍቶ የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች አጣ። አንድም ቀን ወቅሶኝ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ባገኘኝ ቁጥር «ጋሼ፣ እንደምን አሉ» ብሎ ግራ እጁን ይዘረጋልኛል። ይህን ለእናትሽም አልነገርኳትም።

የእኔ ሥራ ሰው አያቃጥልም ትዪኝ ይሆናል። እኔም ያኔ ወረቀት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ደግሞስ ሦስት ከፍተኛ አባላት ይመሰክሩልሽ የለም? አንዱ ያስተማረሽ መምህር ነው። ሰውዬው ያላየውን እንዲመሰክር እያደረግሽው መሆኑን አስበሻል? ያልሠራሽበትን ዓመት አትጻፊ። ዛሬውኑ ለሦስቱም ጻፊላቸው፤ ጊዜው ስላልሞላ አቆይቼዋለሁ በያቸው። ምክንያት አታብዢ።

እርግጥ ነው ሥራ ቦታሽ ያሉት ቀድመውሽ እንደሚያልፉ፣ ይህም እንደሚከነክንሽ ይገባኛል። ሆድሽ ሲብስሽ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ፤ እኔ እንደሆን ከአሥር ሰዓት በኋላ እንቅልፍ የለኝም።

የባንኩን የሥራ ልምድ ደብዳቤሽን ከሣጥኑ ውስጥ፣ ከክርስትና ካርድሽ ሥር አገኘሁት። ማህተሙ ቢደበዝዝም ይነበባል። ወንድምሽ ነገ ፎቶ አንሥቶ ይልክልሻል። ቀኖቹን ስቆጥራቸው 11 ወር ከ12 ቀን ነው የሚሆኑት። እርሱንም ቢሆን አንድ ዓመት ብለሽ እንዳትጽፊው።

አባትሽ