በመስማት ምርመራ ወረቀት ላይ የሰውነት ሙቀትም ይመዝገብ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሥራዬ የመስማት ምርመራ ነው። ስለ ጆሮ ሕመም ሲጻፍ እምብዛም የማይነሳ አንድ ጉዳይ ስላለ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ይኸውም ሰውነት ሲቀዘቅዝ የውስጠኛው ጆሮ ኤሌክትሪክ የሚለወጥ መሆኑ ነው።

ኮክሊያ በተባለው የጆሮ ክፍል ውስጥ በፖታሲየም የበለጸገ ፈሳሽ አለ፤ ይህ ፈሳሽ በዙሪያው ካለው በ80 ሚሊቮልት ገደማ ከፍ ያለ ቮልቴጅ እንዳለው ጆርጅ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1952 አሳይቷል። ድምፅ ሲደርስ ፖታሲየሙን ድምፅን ወደሚቀበሉት ባለ ፀጉር ሕዋሳት የሚገፋው ይኸው ቮልቴጅ ነው። ቮልቴጁ ሳይወርድ የሚቆየው ግን በኮክሊያው የጎን ግድግዳ ያሉ ሕዋሳት ኦክስጅን እያቃጠሉ ሌት ተቀን ፖታሲየም ስለሚያመላልሱ ነው። ቅዝቃዜ ይህን ሥራ ያዳክማል፤ ከዚህም በላይ የሕዋሳቱ መልእክት ወደ ነርቩ የሚተላለፍበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ ነርቩ ዘግይቶ፣ ደግሞም በተበታተነ ሁኔታ ይመልሳል።

ይህ በመሣሪያችን ላይ በግልጽ ይታያል። በግንባርና ከጆሮ ጀርባ ኤሌክትሮድ ለጥፈን አጭር ድምፅ ስናሰማ፣ የነርቩና የአንጎል ግንድ ምላሽ በተከታታይ ሞገዶች ይመዘገባል፤ ጤናማ አዋቂ ላይ ከእነዚህ አምስተኛው ሞገድ በ6 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወጣል። ሰውነት አንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ሞገዱ ወደ 0.2 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል፤ በአንዳንድ የልብ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረገው ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል፣ ሰውነት ሲሞቅ ግን ይመለሳል።

በወሊድ ጊዜ ለታፈኑ ሕፃናት፣ አንጎላቸውን ለማዳን ሰውነታቸው ለ72 ሰዓት በ33 እና በ34 ዲግሪ መካከል እንዲቆይ ይደረጋል። እነዚህ ሕፃናት መስማታቸው በእርግጥ ሊጎዳ ስለሚችል ምርመራው ያስፈልጋቸዋል፤ ዳሩ ግን በቅዝቃዜው ጊዜ የተወሰደው ሞገድ ዘግይቶ ቢገኝ ጉዳቱን ከቅዝቃዜው መለየት አይቻልም። «የሁለቱም ጆሮ ምላሽ ዘግይቷል» የሚል ወረቀት ይዛ ወደ እኔ የመጣችን እናት አልረሳትም። ወረቀቱ ላይ የሙቀት ቁጥር አልነበረም፤ ልጇን ሞቆ ሳለ ስመረምረው አምስተኛው ሞገድ ለዕድሜው በሚገባው ቦታ ላይ ነበር። እናቲቱ ግን እስከዚያ ድረስ ልጄ ደንቆሮ ነው ብላ ሳምንታት አልቅሳለች።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ በእያንዳንዱ የምርመራ ወረቀት ላይ የታካሚውን የሰውነት ሙቀት እንዲጽፉ፣ የቀዘቀዘ ሰው ላይ የተገኘ መዘግየትንም ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ ዳግም ሳይለኩ ለቤተሰብ እንዳይናገሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመስማት ምርመራ ባለሙያ