ኒሻን ከሱቅ አይታዘዝም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ዋንጫና ማኅተም እቀርጻለሁ። ሰሞኑን አንድ ሰው «የሀገር ክብር ኒሻን» ሊያሠራኝ መጣ፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ሪባን፣ መሐሉ ላይ የመንግሥት ዓርማ፣ ከጀርባው ገንዘብ ያዋጡ ባለሀብቶች ስም። «ሰጪው ማነው ጋሼ?» ብለው «ኮሚቴው ነዋ!» አለኝ። ሥራ ቀዝቅዞብኝ ሳለ (ብሩም ደህና ነበር) አልቀርጽም ብዬ መለስኩት።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 መሠረት ኒሻን የሚሰጡት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ በሕግ በተወሰነው ሥርዓት ነው። ከፍተኛ የውትድርና ማዕረግማ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ካላቀረቡ አይሰጡም። በጃንሆይ ዘመንም የራስነት ማዕረግ ከዙፋን እንጂ ከዕድር አይገኝም ነበር።

የምስጋና ዋንጫ ከሆነ ይምጡ፣ በቅናሽ እሠራለሁ። እናንተም እንዲህ ያለ ሽልማት ስትዘግቡ ሰጪውን «በየትኛው ሥልጣን?» ብላችሁ ጠይቁልን።

ዋንጫ ቀራጩ፣ ከባሕር ዳር